መርሴዴስ፦ ስሙ ከመኪናው ይቀድማል

መርሴዴስ ሲባል ቀድሞ መኪና የማይታየው ሰው ጥቂት ነው። ትልቁ ስህተትም ይኸው ነው። መኪናው ነው በሴት ልጅ ስም የተጠራው።

ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል ኦስትሪያዊ ነጋዴ የዳይምለር መኪና ይሸጥ ነበር። በ1889 የተወለደች መርሴዴስ የምትባል ልጅ ነበረችው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በእሷ ስም ውድድር ይገባ ነበር፤ በ1900 ያዘዘው አዲስ መኪናም በስሟ ተሰየመ። ስሙ በ1902 የንግድ ምልክት ሆነ። ሰውዬው በዚህ አላበቃም። በ1903 ‹‹መርሴዴስ››ን ከራሱ የቤተሰብ ስም ጋር አጣበቀው። እኛ ዘንድ ልጅ ነው በአባቱ የሚጠራው፤ እሱ ግን በልጁ ተጠራ!

ሁለተኛው ስህተት፣ ይህን የስፔንኛ ስም ‹‹ምህረት ማለት ነው›› ብሎ መጨረስ ነው። ውሸት ባይሆንም ጎደሎ ነው። መነሻው የላቲኑ ‹‹መርኬስ›› ሲሆን ደመወዝ፣ የሥራ ዋጋ ማለት ነበር። የገበያ ቃል ነው። የእኛ መርካቶ እንኳ በጣሊያንኛ በኩል የመጣ የሥጋ ዘመዱ ነው። በክርስትና ዘመን ዋጋው የሰማይ ዋጋ ሆነ፤ ከዚያ ጸጋ፣ ከዚያ ምህረት። የስፔንኛው ‹‹እርስዎ››፣ ኡስቴድ፣ ራሱ ‹‹ቡዌስትራ መርሴድ›› ከሚል የአክብሮት አጠራር ያጠረ ነው።

መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ‹ስ› አትናቋት። ብዙ ቁጥር ናት፤ ‹‹ምህረቶች›› እንደማለት። ሙሉው ‹‹ማሪያ ዴ ላስ መርሴዴስ›› ነው፣ የእመቤታችን መጠሪያ። ኪዳነ ምህረትን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በ1218 ባርሴሎና ላይ ፔድሮ ኖላስኮ በዚህ ስም የሚጠራ የመነኮሳት ማኅበር መሠረተ። ሥራቸው የተማረኩ ክርስቲያኖችን በገንዘብ ማስለቀቅ ነበር። ዋጋና ምህረት እዚህ ላይ አንድ ሆኑ። በዓሏ ሴፕቴምበር 24 ይከበራል፤ ባርሴሎና ያን ሰሞን ፌሽታ ነው።

እንዲህ ዓይነት ስሞችን ቃል በቃል መተርጎምም አያዋጣም። ዶሎሬስ ‹‹ሕመሞች››፣ ፒላር ‹‹ዓምድ›› ማለት ነው። ልጁን ‹‹ሕመሞች›› ብሎ የሚጠራ ወላጅ ግን የለም። ሁለቱም የማርያም መጠሪያዎች ቁራጭ ናቸው።

አጠራሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ‹‹ማርቸዲስ›› የምንላት ‹ቸ› በስፔንኛው ስም ውስጥ የለችም። ‹ቼ› ብለው የሚያነቡት ጣሊያኖች ናቸው። ላቲን አሜሪካ ‹ሴ› ይላል፤ አብዛኛው ስፔን ምላሱን በጥርሱ መሃል አድርጎ ያወጣዋል። ቤት ውስጥ ግን ስፔናዊቷን መርሴዴስ ‹‹መርቼ›› ይሏታል፤ ‹ቼ›ዋ ዞራ መጣች።