ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ከመግዛትዎ በፊት ሹክሹክታውን ይስሙ

ሁለት ማይክ ስናወዳድር ድምፁ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስለናል፤ ጆሮ የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል ያድርጉ። 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ኮንደንሰር ማይክ እንዲሠራ በኬብሉ የሚላክለት ኤሌክትሪክ) ያብሩ፣ ስልክዎን ከማይኩ ፊት 30 ሳ.ሜ. ላይ አስቀምጠው አንድ ዓይነት ድምፅ ያጫውቱ፤ ለሁለቱም በመቅረጫው የድምፅ መጠን ሜትር ላይ -18 ዴሲቤል እስኪደርስ ጌኑን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ያስተካክሉ። ከዚያ ጌኑን ሳይነኩ 30 ሰከንድ ዝምታ ይቅረጹና በሄድፎን ያዳምጡ። «ሽሽሽ» የሚለው ያነሰው ያሸንፋል። በአምራቹ መግለጫ ወረቀት ላይም ይታያል፦ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 የተባለው ማይክ የራሱ ጫጫታ (ማይኩ ራሱ የሚፈጥረው ሽሽታ) 20 ዴሲቤል ሲሆን ሮድ ኤንቲ1-ኤ 5 ብቻ ነው። ለክራር ወይም ለለስላሳ ንባብ ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል፤ ከፍ ባለ ድምፅ ለሚዘፍን ግን ብዙም አያስጨንቅም።

ቀጥሎ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጸ» የበዛበት ዓረፍተ ነገር ያንብቡ። ብዙ ርካሽ ማይኮች ቀጭኑን ድምፅ (ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲውን) አጋንነው ስለሚያወጡ «ሰ» እንደ ምላጭ ይሆናል፤ የማሲንቆ ጭራም ይቧጥጣል። ማይኩን ወደ ጎን 20 ዲግሪ ያህል ዘወር ሲያደርጉት ካልለሰለሰ ይተዉት።

ሱቅ ውስጥ ግን የዝምታውን ሙከራ አይሞክሩት፤ የሚሰሙት የመንገዱን ጫጫታ ነው።