በሁለት ክዳን ሥር የበቀለ ባቄላ

የባሌን የሳነቴ አምባ አይተው ወደ ሐዋሳ የሚመለሱ ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ «መምህርት፣ ከጅብራው በቀር እዚያ ያለው ተክል ሁሉ ለምን መሬት ላይ ተለጥፎ ይቀራል?» ፀሐዩ ነው ብሎ መመለስ ይቀላል። ነገር ግን 4,000 ሜትር ላይ ብርዱ፣ ነፋሱና የሌሊቱ ውርጭ አብረው ስላሉ የፀሐዩን ድርሻ በዓይን መለየት አይቻልም። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ውርጭ የማያስቸግራት ከተማ ናት፤ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን፣ በዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ለብቻው ለማየት ትመቻለች።

ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ይህ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። እኛ ግን በመብራት ለመጨመር አንሞክርም፤ ዓይንና ቆዳ ይጎዳል። የምናደርገው መቀነስ ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ብርሃኑን እያሳለፈ የሞገድ ርዝመቱ ከ315 ናኖሜትር በታች የሆነውን አልትራቫዮሌት በአብዛኛው ያስቀራል፤ ስስና ጥርት ያለ የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ግን በአብዛኛው ያሳልፈዋል። ለግሪን ሃውስ የሚሸጠውን ፕላስቲክ አትግዙ፤ ብዙውን ጊዜ ጨረሩን የሚከላከል ንጥረ ነገር ይጨመርበታል።

ዘሩን ከሲዳማው ሁላ ደጋ ገበያ የተገዛ ባቄላ አድርጉት። ከፓርክ ተክል መንቀል ፈጽሞ አይገባም። በሃያ ማሰሮ አንድ ዓይነት አፈር ሙሉና ዝሩ፤ አሥሩን ከመስታወት፣ አሥሩን ከፕላስቲክ ክዳን ሥር አኑሩ። ውኃውን በአንድ ጣሳ ለሁሉም እኩል ለኩ።

ጎኖቹን ክፍት ተዉአቸው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የመስታወቱን ዙሪያ ዘግቼ፣ ባቄላው ሲመዘዝ የአልትራቫዮሌት እጥረት ነው ብዬ ለተማሪዎቼ አስተማርኩ። በኋላ ቴርሞሜትር ስናስገባ ያስረዘመው ሙቀት መሆኑ ታወቀ፤ ክፍል ገብቼ ያስተማርኩትን አረምኩ። አልትራቫዮሌት ከሰማዩ ሁሉ ተበትኖ ስለሚመጣ ክዳኑ ከማሰሮዎቹ ዙሪያ በሰፊው ይትረፍ፤ በተለይ ጨረሩ ከሚበረታበት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ድረስ ምንም ማሰሮ ከጥላው እንዳይወጣ። ፕላስቲኩ ሲደበዝዝ ቀይሩት።

በየሳምንቱ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። ተክል ጨረሩን የሚያውቅበት ዩቪአር8 የተባለ ፕሮቲን አለው፤ ምልክቱ ሲደርሰው የግንዱን እድገት ይገታል፣ በቅጠሉ ቆዳ ውስጥም ፍላቮኖይድ የተባሉ ጨረር የሚያስቀሩ ንጥረ ነገሮችን ያከማቻል። ስለዚህ ማጠሩን ሁሉ ጉዳት ብላችሁ አትመዝግቡ። ከሁለቱም ወገን እኩል ስፋት ያለው የቅጠል ክብ ቆርጣችሁ መዝኑ፤ በፕላስቲኩ ሥር ያለው ወፈር ብሎ ሊገኝ ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ አበባው ነው። የባቄላን አበባ በጥፍራችሁ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱ፤ ታች ያሉት ሁለት መልካበባዎች እንደ ጀልባ ተገጥመው ወንዴ ዘሩን ሸሽገውታል። ንብ ተጭና እስክትከፍተው ድረስ ፀሐይ አያገኘውም። የጅብራም አበባ ወንዴ ዘሩን በቱቦ ውስጥ ይይዛል። የወንዴ ዘሩ ዱቄት ከተሸሸገበት ሲወጣ ግን የሚጋርደው የለም፤ በአንዳንድ ዝርያዎች አልትራቫዮሌት የዱቄቱን መብቀልና ሲበቅል የሚያወጣውን ቀጭን ቱቦ እድገት እንደሚያዳክም ይታወቃል።

ይህን ለማየት 10 ግራም ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አሟሙና እጅግ ጥቂት ቦሪክ አሲድ ጨምሩበት። ዱቄቱን በሁለት ስላይድ ላይ ባለ ጠብታ በትኑ፤ አንዱን ከመስታወቱ፣ ሌላውን ከፕላስቲኩ ሥር ግማሽ ሰዓት አቆዩ። እንዳይደርቁ ሥራቸው እርጥብ ጨርቅ ይሁን። ከዚያ ሁለቱንም ጥላ ውስጥ ለሁለት ሰዓት አስቀምጡና በማይክሮስኮፕ እዩ፤ የበቀለው ቅንጣት ከጎኑ እንደ ቀጭን ክር ያለ ቱቦ ያወጣል። በየስላይዱ መቶ ቅንጣት ቁጠሩ።

በመጨረሻ አበባውን፣ ፍሬ የያዘውን አበባና በየቆባው ያለውን ፍሬ ለየብቻ መዝግቡ። አበባው እኩል ሆኖ ፍሬው ቢያንስ፣ ችግሩ ከአበባው በኋላ መጥቷል ማለት ነው። የሁለቱን ዘር በየስሙ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ወቅት አብራችሁ ስትዘሩት የትኛው ቀድሞ እንደሚበቅል ታያላችሁ።