ከመደበቂያ ሆነው የሚበሩ ወፎችን ፎቶ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክንፏ የተቆረጠ ወይም መልኳ የደበዘዘ ወፍ በፎቶ ላይ ስትታይ ብዙዎች ካሜራውን ይወቅሳሉ። እኔ ግን አብዛኛው ጥፋት የሚፈጸመው ወፏ ገና ለመብረር ሳትነሳ ነው እላለሁ።

ነፋሱን ሳያዩ መደበቂያ (ፎቶ አንሺው ከወፎች ዓይን የሚሰወርበትን ትንሽ ድንኳን ወይም ዳስ) መትከል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ወፎች ሲነሱም ሲያርፉም ፊታቸውን ወደ ነፋስ ያዞራሉ፤ ከፊት የሚመጣው አየር ሽቅብ ያነሳቸዋልና። ስለዚህ ነፋሱ ከፊት ለፊትዎ የሚመጣ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ጀርባና ጭራ ሲያነሱ ይውላሉ። ከጀርባዎ ሲነፍስ ግን ወፎቹ ፊታቸውን ወደ እርስዎ አድርገው ይመጣሉ። ፀሐይም ከጀርባ ብትሆን መልካም ነው። ሁለቱ አልገጥም ሲሉ እኔ ነፋሱን አስቀድማለሁ፤ ብርሃን ከኋላው ያለፈበት ክንፍ ውብ ሊሆን ይችላል፣ ጀርባዋን የሰጠች ወፍ ግን ብርሃኑ ቢያምርም ፊቷ አይገኝም።

ወፎቹ እያዩ መግባትና መውጣት። ሰው ሲገባበት ያዩት መደበቂያ ከተከመረ ቅጠል አይሻልም። ጎሕ ሳይቀድ መግባት፣ መውጣትም ወፎቹ ራቅ ሲሉ ወይም ሲጨልም ነው። በጎጆ አጠገብ መትከል ደግሞ ጨርሶ መቅረት አለበት። እናቲቱ ፈርታ ከራቀች እንቁላሉ ይበርዳል፣ ጫጩቶቹም ይራባሉ፤ ይህን የሚያክስ ፎቶ የለም።

ሌንሱን ከመደበቂያው መስኮት አውጥቶ ማወዛወዝ። ወፎች እንቅስቃሴን ፈጥነው ያያሉ። የሌንሱን አፍ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጎ፣ ቀዳዳውን በመረብ ሸፍኖ፣ በዝግታ ማዞር ይሻላል። መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ በራሪዋን ብዙ መከተል አይቻልም። ስለዚህ የምትገባበትን መስመር አስቀድሞ ለይቶ እዚያው መጠበቅ ነው።

ከመጠን በላይ ማቅረብ። ቅርንጫፍ ላይ ያረፈች ወፍ በ600 ሚሊሜትር ሌንስ (ቁጥሩ በበለጠ መጠን አቅርቦ ያሳያል) ፍሬሙን ስትሞላ ደስ ይላል፤ ክንፏን በዘረጋች ቅጽበት ግን ስፋቷ በእጥፍና ከዚያ በላይ ይጨምርና ጫፎቹ ይቆረጣሉ። ቅርብ ለሆነ በረራ ከ300 እስከ 400 ሚሊሜትር ይበቃል። ከፊቷም የምትበርበት ባዶ ቦታ ይተዉላት።

ላረፈች ወፍ የበቃን የሻተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ቅጽበት) ለበረራም መጠቀም። የሰከንድ 1/500ኛ ክንፍን አያቆምም። ለትላልቅ ወፎች 1/1600ኛ፣ ለትናንሽና ፈጣኖቹ ደግሞ 1/3200ኛና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) ከፍ ማለቱ አያስፈራ፤ የሚያመጣው ነጠብጣብ በኋላ በኮምፒውተር ይጸዳል፣ የደበዘዘ ክንፍ ግን አይመለስም። ፎከሱም የሚንቀሳቀስ ነገርን ያለማቋረጥ በሚከታተለው ዘዴ ላይ መሆን አለበት።

መጋለጡን (ፎቶው የሚያገኘውን የብርሃን መጠን) ለካሜራው ብቻ መተው። ካሜራው ደማቅ ሰማይ ሲያይ ወፏን ያጠቁራታል፤ ጥቁር ደን ከኋላ ሲሆን ደግሞ ነጭ ላባዋን ዝርዝሩ እስኪጠፋ ያነጣዋል። በእጅ ማስተካከል ሁለቱንም ያስቀራል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ብቻ እንደገና ይታያል።

በየጊዜው ስክሪኑን መመልከት። ወፏ ለመነሳት ስትሰናዳ ምልክት ትሰጣለች፦ ወደ ፊት ታዘነብላለች፣ እግሯን አጠፍ ታደርጋለች፣ ብዙ ጊዜም ኩሷን ትጥላለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ጣት ከመጫኛው ላይ፣ ዓይንም ከመመልከቻው ላይ መሆን ያለባቸው ያኔ ነው። የተነሱትን ፎቶዎች ማየት ወፎቹ ከሄዱ በኋላ ይደርሳል።