ጅማ ላይ ሂት ፓምፕ ከማስገባታችሁ በፊት፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ቤት እየጨረሱ ያሉ ሰዎች ስለ ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ከውጭ አየር ሙቀት ወስዶ ውሃ ወይም ቤት ስለሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ማሽን፣ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ውጭ ያለው ዘመድ «እዚህ ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያስገባው» ይላቸዋል፣ ሻጩ ደግሞ «የመብራት ወጪህ አንድ ሦስተኛ ብቻ ይሆናል» ይላቸዋል፣ እነሱ መሀል ላይ ይቀራሉ። ዕቃው ጥሩ ነው፣ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ለአንዱ ቤት ትልቅ እፎይታ የሆነው ለጎረቤቱ ከንቱ ወጪ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው ቤቱ ላይ ነው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ቤቱን ሳያዩ ማሽኑን ከማየት ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ቦይለር መብራቱን ራሱን ወደ ሙቀት ይቀይራል፤ አንድ ኪሎዋት ሰዓት አስገብታችሁ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ታገኛላችሁ። ሂት ፓምፕ ግን በኮምፕረሰርና በጋዝ አማካኝነት ከውጭው አየር ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውሃው ያሻግራል። ፍሪጅ ከውስጡ የወሰደውን ሙቀት በጀርባው እንደሚለቀው ነው፣ እዚህ ግን የምንፈልገው የጀርባውን ሙቀት ነው። ስለዚህ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ታገኛላችሁ።

ቤት ለማሞቅ ብሎ መግዛት

ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ በጣም ውዱም እሱ ነው። ካናዳና ጀርመን ያሉ ዘመዶቻችን የሚያወሩት ወራት ሙሉ ቤት ስለሚያሞቅ ማሽን ነው። ጅማ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀን ከ25 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች፣ ሌሊትም ብዙውን ጊዜ ከ10 ዲግሪ በላይ ነው። ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይበርዳል፣ እውነት ነው፤ ግን ለዚያ ኮርኒስ የሌለውን ቤት ኮርኒስ ማስመታት፣ የበሩን ስንጥቅ መድፈን፣ ወፈር ያለ መጋረጃ መስቀል ይበቃል። በባዶ ቆርቆሮ ስር የሚሞቅ አየር እኮ በጣሪያው በኩል ነው የሚወጣው። ክፍል ማሞቅን እርሱት፤ ጅማ ላይ ሂት ፓምፕ የሚያወያየን ለሙቅ ውሃ ብቻ ነው።

በቀን ስንት ሊትር ሙቅ ውሃ እንደሚያልቅ ሳያውቁ መወሰን

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ውሳኔው ያለው እዚህ ነው።

መቶ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 55 ለማድረስ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ይሄ ፊዚክስ ነው፣ የትኛውም ብራንድ አይቀይረውም። ቦይለር አራቱንም ከቆጣሪያችሁ ይወስዳል፤ ሂት ፓምፕ አንድ ከግማሽ እንኳ አይሞላም። የቀን ትርፋችሁ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው፣ በወር ወደ 80። አምስት ስድስት ሰው ያለበት፣ ሁሉም በየቀኑ ገላውን የሚታጠብበት፣ ልብስና ዕቃም በሙቅ ውሃ የሚታጠብበት ቤት እንዲህ ያለ ነው።

አሁን ብቻውን የሚኖር ሰው እንይ። ፈጣን ሻወር፣ 30 ሊትር ለብ ያለ ውሃ። የሚያስፈልገው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሂት ፓምፕ ቢያስገባ በወር የሚያተርፈው 14 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ። ለዚህ ብሎ ያን ሁሉ ብር? በፍጹም።

ወደ ሌላው ጫፍ ደግሞ እንሂድ። አሥር ክፍል ያለው ፔንሲዮን በየክፍሉ 60 ሊትር ቢያወጣ 600 ሊትር ነው። በቀን 16 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል፣ በወር ወደ 490። ፔንሲዮን፣ ጂም ወይም የውበት ሳሎን ያላችሁ ሰዎች ይሄን ነገር ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ እናንተን ነው በዋናነት የሚመለከታችሁ።

ስሌቱን በራሳችሁ ታሪፍ አባዙት። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ነው የመጣው፣ ደግሞም በመኖሪያ ቤት ታሪፍ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ የምታተርፉት ከውዱ እርከን ላይ ነው። በአማካይ ዋጋ ካሰላችሁት ትርፉ ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላችኋል።

ሂሳቡን ሁሉ በሻወር ላይ መጫን

ካርድ ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ ጣት የሚቀሰረው ሻወር ላይ ነው። ምጣዱስ? የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢሆንና በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢበራ 14 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ከአንድ ሰው ሻወር ይበልጣል። አንድ ሳምንት ቆጣሪውን ማታ ማታ እያነበባችሁ ጻፉት፣ የተጋገረበትን ቀንም ምልክት አድርጉ። ከዚያ ማን እንደሚበላ ይታያል።

ክረምት ላይ አይሠራም ብሎ መተው

ይሄኛው ስህተት የሚመጣው ሂት ፓምፕን ከሶላር ጋር ከማደባለቅ ነው። የፀሐይ ማሞቂያ ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ይቸገራል፤ ደመናው ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። ሂት ፓምፕ ግን ፀሐይ አይፈልግም፣ አየር ነው የሚፈልገው። እንዲያውም የጅማ እርጥበት ይጠቅመዋል፦ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት የማሽኑ ቀዝቃዛ ቱቦ ላይ ሲያርፍ ወደ ውሃነት ይቀየራል፣ ሲቀየር ሙቀቱን ይለቃል፣ ማሽኑም ያንን ይወስዳል። ፈረንጆቹ አገር በብርድ ወራት በረዶ እየያዘው ሥራውን አቁሞ በረዶውን ያቀልጣል፤ እኛ ጋ ያ ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። በአየር ጸባይ በኩል ጅማ ለዚህ ዕቃ የተመቸች ከተማ ናት።

አንድ ነገር ብቻ፦ ታይመር ካለው ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት እንዲሠራ አድርጉት። አየሩ በሚሞቅበት ሰዓት ያው ውሃ ባነሰ መብራት ይሞቃል። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ማስነሳት ትርፉን መቀነስ ነው።

መለያው ላይ ያለውን ትልቁን ቁጥር ማመን

ከጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት ጎንበስ ብላችሁ አንብቡት። ሁለት የኪሎዋት ቁጥር ታገኛላችሁ። ትልቁ፣ ለምሳሌ 3.5፣ ወደ ውሃው የሚገባው ሙቀት ነው። ትንሹ፣ 0.9 አካባቢ፣ ከቆጣሪ የሚወስደው ነው። ትልቁን ለትንሹ ስታካፍሉት ስንት እጥፍ እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ሦስተኛ ቁጥርም አለ፣ ብዙ ሰው አያየውም፦ ውስጡ የተቀመጠው ተራ ማሞቂያ፣ ብዙውን ጊዜ 1.5 ወይም 2 ኪሎዋት። ማሽኑ በስህተት በዚህኛው ላይ ተስተካክሎ ከሠራ የገዛችሁት ውድ ቦይለር ነው። የሚገጥመው ሰው ከመሄዱ በፊት በየትኛው ላይ እንደተወው አሳዩኝ በሉት።

የትም ማስቀመጥ

ቦሳ ቂጦ አካባቢ አንድ ቤት አየሁ። ማሽኑን ከማድቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር እንኳ ሳያርቁ አስጠግተው ገጥመውታል። የእንጨቱ ጭስ በቀጥታ ይመታዋል። ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹ ጥላሸት ለብሰው ጠቁረዋል፣ በጣት ሲነኩ ቅባት አለው። ማራገቢያው ይዞራል፣ ግን እጄን ፊቱ ባደርግ የሚወጣው አየር ምንም አይገፋም። የቤቱ ባለቤት «ድሮ በሁለት ሰዓት ይሞቅ ነበር፣ አሁን ግማሽ ቀን ይፈጃል» አሉኝ። ማሽኑ አልተበላሸም፣ መተንፈስ ነው ያቃተው።

አየር በሚዘዋወርበት፣ ከጭስ በራቀ፣ ዝናብ በቀጥታ በማይወርድበት ቦታ አድርጉት። ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ከዘጋችሁበት የራሱን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ይስባል። ውሃም ያንጠባጥባል፣ በእርጥብ ወራት ብዙ፤ ስለዚህ ማፍሰሻ ቱቦ ይኑረው። ድምፅም አለው፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ስር አታድርጉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይሄን ሁሉ ቦታ ከየት ታመጣላችሁ? በረንዳው ካልበቃ ነገሩን ተዉት።

መብራቱን ሳያስቡ መግባት

ግልገል ጊቤ 1 ከጅማ ብዙም ሳይርቅ 184 ሜጋዋት ያመነጫል፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ፤ ቢሆንም የሰፈራችን መብራት መጥፋቱንና ቮልቴጁ መውረድ መውጣቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለቦይለር ብዙም ችግር የለውም። ለኮምፕረሰር ግን ትልቅ ችግር ነው፤ ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ፣ ወይም 160 ቮልት ላይ ሲንገታገት ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በዋጋው ላይ መከላከያውን ደምሩ፦ መብራት ሲመለስ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስነሳ፣ ቮልቴጅ ከመጠን ሲወጣ የሚቆርጥ።

ፍትሐዊ ለመሆን ሌላውንም ጎን ልናገር። 4.5 ኪሎዋት ፈጣን ሻወር 20 አምፔር ይስባል። ሂት ፓምፑ አራት አምፔር ገደማ። ሽቦው ያረጀ ቤት ውስጥ ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ደግሞ መብራት ከጠፋ ፈጣኑ ሻወር ወዲያው ቀዝቃዛ ነው፤ 200 ሊትር የሞላ ታንከር ግን እስከ ነገ ሙቅ ነው፣ ሮቶው ከፍ ብሎ ግፊት እስከሰጠው ድረስ።

ለቁጠባ ብሎ 45 ላይ ማስቀመጥ

ለብ ያለ ውሃ ታንከር ውስጥ ሲተኛ ሌጂዮኔላ የሚባል ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። 55 ላይ አቆዩት፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ 60 ይድረስ። ሕፃናት ካሉ መውጫው ላይ ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ቫልቭ ይደረግ፣ 60 ዲግሪ በሰከንዶች ያቃጥላል።

ጠጋኙን በመጨረሻ መፈለግ

ከመክፈላችሁ በፊት ጅማ ውስጥ ፍሪጅና ኤሲ የሚሠራ ሰው ፈልጉና የማሽኑን ሞዴልና የጋዙን ዓይነት አሳዩት። አር 134ኤ ነው? አር 32 ነው? አር 290 ከሆነ ተቀጣጣይ ነው፣ እንደ ተራ ጋዝ የሚነካካ አይደለም። «ይሄን ጋዝ ትሞላለህ? ቦርዱ ቢቃጠል ከየት ታመጣለህ?» በሉት። መልሱ «አዲስ አበባ ይላካል» ከሆነ፣ 350 ኪሎ ሜትር ታንከር ጭኖ መሄድንም በወጪው ውስጥ አስገቡት። የታንከሩን የማግኒዚየም ዘንግም ጠይቁ፤ ዝገት እንዳይበላው እሱ ነው ቀድሞ የሚበላው፣ በሁለት ሦስት ዓመት መታየት አለበት።

ቤቱ ኪራይ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ሁለት ሰው ከሆነ፣ ወይም ጠጋኝ ካጣችሁ፣ ጥሩ ሽፋን ያለው 50 ሊትር ቦይለር ግዙ፣ ታይመር አስገጥሙለት፣ ግራውንዱን በትክክል አስይዙት። ቀን ሙሉ በርቶ እንዲውል አትተዉት፣ ማንም ሳይታጠብ ሙቀቱ በታንከሩ ቆዳ በኩል ያመልጣል። ከመታጠባችሁ ከአንድ ሰዓት ከግማሽ በፊት ቢበራ ይበቃል።