በቆሎን ከሻጋታ መርዝ ለመጠበቅ የዓመቱን አየር እንዴት እንከታተል?

ሻጋታ የዝናባማ ዓመት ችግር ነው የሚለው ግምት ለጎተራ እህል የሚሠራ ቢሆንም፣ በማሳ ላይ ላለ በቆሎ ግን አሳሳች ነው። አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ የሚያመነጨው አስፐርጊለስ ፍላቨስ ሙቀት የሚወድ ሻጋታ ሲሆን፣ በውኃ ጥም የተዳከመ ተክል ይበልጥ ይመቸዋል፤ በመሆኑም ዝናብ ቀድሞ በተቋረጠበት ዓመት የተሰበሰበ፣ ለዓይን ደረቅና ንጹሕ የሚመስል በቆሎ መርዝ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የፉዛሪየም ሻጋታዎች በበኩላቸው እርጥበት ይፈልጋሉ። በተለይ ስንዴ በሚያብብበት ወቅት ሞቅ ካለ አየር ጋር ተከታታይ ዝናብ ከጣለ ዘለላው ያለጊዜው ይነጣል፣ ፍሬውም ይጨማደዳል።

ስለዚህ ክትትሉ መጀመር ያለበት በቆሎው ፀጉር ሲያወጣ ነው። በነፋስ የሚጓዘው የሻጋታ ዘር በዚህ ፀጉር በኩል ወደ በቆሎው ራስ ስለሚዘልቅ፣ ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ፍሬው እስኪሞላ ድረስ ዝናብ የተቋረጠባቸውን ቀናት፣ ቅጠሉ በቀትር መጠቅለል አለመጠቅለሉን፣ አገዳ ቆርቁር የተባለው ተባይ የበቆሎውን ራስ መብሳት አለመብሳቱን በየማሳው ለይቶ መመዝገብ ይጠቅማል። ተባይ የበሳው ፍሬ ለአፍላቶክሲንም ሆነ ፉሞኒሲን ለተባለው የፉዛሪየም መርዝ የተከፈተ በር ነው። ውኃ የተጠማው ማሳ ምርት ከሌላው ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው ቢሰበሰብ ጉዳቱ በአንድ ክምር ይወሰናል።

የመድረሱ ምልክት ፍሬው ከቆሮቆንዳው ጋር በሚያያዝበት ጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ ነው። ነጥቡ ከታየ በኋላ እህሉን በማሳ ማቆየት፣ በተለይ የጥቅምትና የኅዳር ያልተጠበቀ ዝናብ በሚያሰጋበት አካባቢ፣ ለሻጋታው ጊዜ መስጠት ነው። የተሰበሰበው ራስ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ይሰጣ፤ የሻገተው፣ የተበሳውና ቀለሙ የተለወጠው ከመፈልፈሉ በፊት ይለቀም።

እርጥብ እህል ማከማቸት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቃዊ ኬንያ ታይቷል፤ በአፍላቶክሲን ከተመረዙ 317 ሰዎች መካከል 125ቱ ሞተዋል። በቆሎ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጠው እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ሲወርድ ነው። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት የጨው ሙከራ ይረዳል፦ ክዳን ባለው ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ እስከ ሲሶው በቆሎ ጨምሮ፣ በደንብ የደረቀ ጨው በጥቂቱ አክሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል መነቅነቅና 15 ደቂቃ ማቆየት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተጣበቀም ከ15 በታች መሆኑን እንጂ 13 መድረሱን አያረጋግጥም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ፀሐይ አይጎዳውም።

አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ለመከላከል ጥሩ ቢሆንም በሚገባ ላልደረቀ እህል መፍትሔ አይሆንም። እንደ ሐረርጌ ማሽላ በጉድጓድ የሚከማች ከሆነም የጉድጓዱ ግድግዳ የሚያሰርገው እርጥበት በየጊዜው ሊታይ ይገባል።

የተለቀመውን ብልሽት ለጠላ ማዋል ወይም ለላም መስጠት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን ፈጽሞ አልመክረውም። ተራ ምግብ የማብሰል ሙቀት አፍላቶክሲንን አያጠፋውም፤ ላሟ ከበላችውም የተወሰነው ክፍል መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። የተበላሸ የኑግ ፋጉሎም (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ከዚህ አይለይም። ጥርጣሬ ካለና ምርመራ የሚደረግ ከሆነ ናሙናው ከብዙ ከረጢቶች፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከሥር ተወስዶ ይደባለቅ፤ መርዙ በጥቂት ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ ስለሚገኝ፣ ከአንድ ከረጢት አፍ የተዘገነ እፍኝ ንጹሕ ቢሆን ስለ ቀረው ክምር የሚናገረው ነገር የለም።