ከዲንሾ እስከ ሪራ፦ የባሌን የደን መንደሮች በክረምትም በበጋም እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ወደ ባሌ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው «መቼ ልሂድ?» ብሎ ነው። ጥያቄው «በዚህ ወር የትኛው ከፍታ ላይ ልደር?» ቢሆን ይሻላል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥና ዳርቻ ያሉት መንደሮች በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው ቢገኙም ከፍታቸው በእጅጉ ይለያያል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከጎባ በላይ ያለው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከአምባው ማዶ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል ይወርድና ሪራን አልፎ፣ አየሩ እየሞቀ እየሞቀ፣ እስከ ደሎ መና ድረስ ይዘልቃል። ላይ ውርጭ በሚጥልበት ወር ታች ቡና ይለቀማል። ከፍታውን ማማረጥ ለሚችል ጎብኚ እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የሚኬድበት መንደር አይጠፋም።

1. ወሩን ከከፍታው ጋር ያዛምዱ

ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱም ደረቅ ስለሆነ ለረጅም የእግር ጉዞ የሚመረጠው ይህ ጊዜ ነው። ሆኖም በሳነቴ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ቀኑን በአምባው ላይ ውለው ማታ ወደ ጎባ ወይም ወደ ሪራ መውረድ ብልህነት ነው። የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ የሐረና ቁልቁለት ጭቃ ይሆናል። በእነዚህ ወራት ዲንሾን ማረፊያ አድርጎ በአካባቢዋ መንቀሳቀስ ይሻላል፤ የደጋ አጋዘን (ብዙዎች «ኒያላ» የሚሉት) እዚያ በየትኛውም ወር ይታያልና። መስከረምና ጥቅምት መካከለኛ ናቸው፤ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡ እየሳሳ ይሄዳል፣ በታችኛው ሐረናም የቡናው ለቀማ ወቅት ይቃረባል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ጥቅምትን እመርጣለሁ።

2. መንገዱን በችኮላ አይጨርሱት

ከአዲስ አበባ ዲንሾ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ በአሰላም ሆነ በሻሸመኔ ቢሄዱ አንድ ሙሉ ቀን ይወስዳል። በአውሮፕላን ወደ ሮቤ የሚሄድ ሰው ድካሙን ቢቀንስም ከዶዶላና ከአዳባ በኋላ ያለውን መንገድ ያጣዋል፤ ዲንሾ ከመድረስዎ በፊት በጋይሳይ መስክ ዳር ሲያልፉ ከመኪናው ሳይወርዱ አጋዘንና ከርከሮ ማየት የተለመደ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን በደረሱበት ቀን ወደ ሳነቴ አይውጡ። የአዲስ አበባ ነዋሪ «እኔ የደጋ ሰው ነኝ» ብሎ ሊዘናጋ ይችላል፤ ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ አምባው ጫፍ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ1,500 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ሌሊት በዲንሾ ወይም በጎባ አድረው፣ ውኃ በብዛት ጠጥተው ይውጡ። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ ከተከተለ ፈጥኖ ወደ ታች መውረድ እንጂ «ነገ ይሻለኛል» ማለት አይገባም።

3. በዲንሾ መመዝገብና አስጎብኚ መያዝ

የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ውስጥ ነው። የመግቢያ ክፍያው የሚከፈለውም፣ አስጎብኚና ፈረስ የሚገኘውም እዚያው ነው። ለአስጎብኚው፣ ለፈረሱና ፈረሱን ለሚስበው ሰው የሚከፈለው ለየብቻ ስለሆነ፣ ከመነሳትዎ በፊት የቀኑን ቁጥርና የእያንዳንዱን ዋጋ በወረቀት ላይ አስፍረው ይስማሙ። ስንቃቸው በማን እንደሆነም ይጠይቁ፤ በመንገድ ላይ የሚነሣው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው። አካባቢውን በስልክ ካርታ አውቀዋለሁ ብሎ ብቻውን የሚወጣ ሰው ገንዘብ ያተርፍ ይሆናል፤ ጭጋግ ሲወርድ ግን ካርታው አያዋጣም። በተጨማሪም በደኑና በግጦሹ ላይ የተመሠረተ ኑሮ ያለው የመንደሩ ሰው ከእንግዳው በቀጥታ የሚያገኘው ገቢ ይኸው ነው።

4. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለዲንሾ ይስጡ

ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው የጽድና የኮሶ ደን ለማለዳ ጉዞ የሚሆን ነው። ጎሕ ሲቀድ ወጥተው በዝግታ ቢራመዱ አጋዘኑን፣ የምኒልክ ድኩላንና ከርከሮውን በቅርበት ያያሉ። በማግሥቱ በእግር ወይም በፈረስ ወደ ዌብ ሸለቆና ወደ ፍንጫ ሀቤራ ፏፏቴ መሄድ ይቻላል፤ ይህ ሙሉ ቀን የሚፈጅ መንገድ ነው። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው የፍንጫ ሀቤራ የዋሻ መጠለያ ደግሞ የተለየ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት እዚህ ይኖሩ ነበር፤ ዋና ምግባቸውም ግዙፉ ፍልፈል ነበር። ዛሬም ያው ፍልፈል በሳነቴ ላይ ለቀይ ቀበሮው ዋና ቀለቡ ነው።

5. ሳነቴን በዝግታ ያቋርጡ

ከጎባ ወደ ላይ ሲወጡ ደኑ እየሳሳ ለአስታ ቁጥቋጦ፣ ቀጥሎም ለጅብራ ቦታውን ይለቃል። በስተቀኝም በስተግራም ሜዳ ነው፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራም ከሩቅ ይታያል። በዓለም ላይ የቀረው ቀይ ቀበሮ 500 ገደማ ብቻ ሲሆን ከግማሹ በላይ የሚኖረው በባሌ ነው። የአካባቢው ኦሮሞዎች «ጀዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ፣ ይሉታል። ሾፌሩን በዝግታ እንዲነዳ ይንገሩት፤ ቀበሮው መንገዱን ያቋርጣልና። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡችሎች የሚወለዱበት ጊዜ ስለሆነ ወደ ጉድጓዳቸው አይጠጉ። ውሻ ይዞ መሄድ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ ከውሻ የሚመጣ የእብደት በሽታ በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ የመንደር ውሾች የሚከተቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

6. ሪራ ሲደርሱ

ከሳነቴ ዳርቻ ቁልቁል ሲወርዱ አየሩ በአንዴ ይለወጣል፤ ቅዝቃዜው ይለዝባል፣ ዛፎቹ ከቅርንጫፋቸው በሚንጠለጠል የዛፍ ሽበት ተሸፍነው ይታያሉ፣ ቀርከሃውም ይጀምራል። የባሌ ጦጣ የሚባለው፣ በዋናነት የቀርከሃ ቅጠል የሚመገበው እንስሳ የሚታየው እዚህ ነው። ጉሬዛም አለ። በመንደሩ ለማደር የሚፈልግ ሰው አስጎብኚው አስቀድሞ እንዲነጋገርለት ያድርግ፤ ያልታሰበ እንግዳ ሲመጣ ባለቤቶቹ ለራሳቸው ያዘጋጁትን ምግብና መኝታ መልቀቃቸው አይቀርም።

ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ መስጠትና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን የሚችል እንግዳ በሌላ ዓይን ይታያል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ስለሆነ በረመዳን ቀን ላይ በሰው ፊት ከመብላትና ከመጠጣት መቆጠብ፣ ሴቶችንም ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሳት ተገቢ ነው። ከሪራ ወደ ታች በታላላቅ ዝግባዎች መካከል ሲጓዙ በዛፍ ጫፍ ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎችን ያያሉ፤ ይበልጥ ሲወርዱ የዱር ቡናው በደኑ ጥላ ሥር ይበቅላል። ማርና ቡና መግዛት ከፈለጉ ከአምራቹ እጅ ይግዙ፤ ዋጋውን ይከራከሩ እንጂ እስከ መጨረሻው አይጨመቁ። ከደኑ እንጨት ቆርጦ እሳት ማንደድ ግን አይፈቀድም፤ ምድጃና ነዳጅ ከከተማ ይዘው ይምጡ።

7. የሚያዙ ነገሮች

ወፍራም ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ፣ ለብርድ የሚሆን ስሊፒንግ ባግ፣ ባትሪና የፀሐይ መከላከያ ቅባት በማንኛውም ወር ያስፈልጋሉ። ጋቢ ከሻንጣው አይታጣ፤ ማታ ከጃኬት በላይ ይጠቅማል። ጥሬ ገንዘብ ከሮቤ ወይም ከጎባ አውጥተው፣ በዝርዝር አድርገው ይያዙ። ከመነሳትዎ በፊትም ስለ መንገዱና ስለ ጸጥታው ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

በመልስ ጉዞ ሪራን ማልደው ይልቀቁ፤ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከጫካው ተነሥቶ ዳገቱን ሲሸፍነው ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ጠርዝ ማየት ይቸግረዋል።