ትርፍ ሙቀትና ተረፈ ምርት ከጎረቤት ፋብሪካ ጋር ስትጋሩ መሥራት የሌለባችሁ ስህተቶች

እናንተ ወደ ሰማይ የምትለቁት ሙቀት አጥር ተሻግሮ ያለው ፋብሪካ ነዳጅ አቃጥሎ የሚያገኘው ነው። ይህን ማየት ቀላል ነው። ቱቦ መዘርጋቱም አይከብድም። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የጥገና ጊዜ አለመነጋገር። ይቺ ታንገበግበኛለች። አንድ ጊዜ ማድረቂያችንን የምናሠራው ከጎረቤት በሚመጣ እንፋሎት ነበር። ወራት ሰላም አለፉ። እንፋሎት የሚያመነጭልንን የራሳችንን ቦይለር «ምን ያደርግልናል» ብለን ዘጋነው። ይዘጋ ካሉት አንዱ እኔ ነኝ። አንድ ሰኞ ጠዋት የግፊት መለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ወደ ዜሮ ወረደ። ደወልኩ። የወዲያኛው ሺፍት ኃላፊ ተረጋግቶ «ዓመታዊ ጥገና ጀምረናል እኮ፣ አልነገሯችሁም?» አለኝ። ማን ይንገረን! ውላችን ስለ ዋጋ ገጽ ሙሉ ያወራል፣ ስለ ጥገና አንዲት መስመር የለውም። ቆሞ የከረመ ቦይለር ደግሞ እንደ አምፖል አይበራም። ይፈተሻል፣ ውሃው ይስተካከላል፣ ቀስ ተብሎ ይሞቃል። እስከዚያ እርጥቡ ምርት ማድረቂያው ውስጥ ሸተተ።

እባካችሁ፣ ዓመቱ ሳይጀመር የሁለታችሁንም የጥገና ካላንደር ጎን ለጎን ዘርጉት። ሌሊት ብልሽት ቢመጣ ማን ለማን እንደሚደውል ጻፉ። መጠባበቂያ ቦይለራችሁንም አትሽጡት። የእኛው አሁን በየወሩ እየተለኮሰ ይሞከራል።

«ቆሻሻ ነው» ብሎ ጥራቱን መርሳት። ለእናንተ ቆሻሻ ነው፤ ለተቀባዩ ጥሬ ዕቃ ነው። የድንጋይ ከሰል ጭስ ሰልፈሩ በኖራ ድንጋይ ሲታጠብ ጂፕሰም ይወጣዋል፤ የግድግዳ ቦርድ አምራቾች ይወስዱታል። ክሎራይድ ከበዛበት ግን የቦርዱ ወረቀት በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ ከሰሉን ወይም አጠባውን ከመቀየራችሁ በፊት ለጎረቤት ንገሩ።

ምን ያህል እንደተላከ የሚለካ ቆጣሪ ሳይኖር መጀመር። ጠብ መግዛት ነው።

እንፋሎትን ሩቅ መላክ። መንገድ ላይ ይቀዘቅዝና ውሃ ይሆናል። ያ ውሃ በየቦታው ካልተወገደ ቱቦውን እንደ መዶሻ ይደበድበዋል። ራቅ ላለ ጎረቤት፣ የሚፈልገው ሙቀት ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ሙቅ ውሃ ይሻላል።

ሁሉንም በአንዴ መጀመር። ጀማሪዎች ከፋብሪካ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ ቀስት የበዛበት ሥዕል ይዘው ሲመጡ ደስ ይሉኛል፣ ግን እፈራላቸዋለሁ። ፋብሪካዎቿ ትርፋቸውን በመጋራታቸው ሁሉም የሚጠቅሳት የዴንማርኳ ከተማ ካሉንድቦርግ እንዲህ አልጀመረችም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከቲሶ ሐይቅ ለነዳጅ ማጣሪያ ውሃ ተሳበ። በ1972 ማጣሪያው ትርፍ ጋዙን ለቦርድ ፋብሪካ ሰጠ። ሌላው ተራ በተራ፣ ሁለት ሁለት ድርጅቶች እየተዋዋሉ ተጨመረ።

ጎረቤት ሁሌም እንደሚያባክን ማሰብ። አንድ ቀን ማሽኑን ያሻሽላል፣ የሚተርፈው ሙቀትም ይቀንሳል። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የራሱን ወጪ እየቀነሰ ነው። ቱቦው ወጪውን የሚመልሰው በስንት ዓመት እንደሆነ ስታሰሉ «ግማሹ ቢመጣስ?» ብላችሁ አንዴ ደግማችሁ አስሉት።